የክሪኬት ክለባችሁን መለማመጃ ለማደስ ገንዘብ እንዴት ይሰበሰባል? ከመሬቱ ውል እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

እንግሊዝ አገር ልጅ ካሳደጋችሁ አንድ ቀን ክሪኬት ሜዳ ዳር መቆማችሁ አይቀርም። ልጁ ትምህርት ቤት ይለምደዋል፣ ጓደኛው ክለብ ይወስደዋል፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑዳችሁ አለቀላችሁ። ጨዋታው ይግባችሁም አይግባችሁም አንድ ነገር ግን ቶሎ ይገባችኋል። ክለቡ ገንዘብ የለውም።

የሰፈር ክሪኬት ክለብ የሚኖረው በአባላት መዋጮ፣ በትንሽ ባርና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው። የተሰበሰበችው ሳንቲም ለሳሩ፣ ለኳሱና ለኢንሹራንሱ ትሄዳለች። መለማመጃው ተራ አይደርሰውም። ለዚህ ነው ብዙ ክለብ ውስጥ ዋናው ሜዳ አምሮ፣ ልጆቹ የሚለማመዱበት ኔት ግን ተቀዳዶ የምታዩት።

ለማታውቁት፣ ኔት ማለት በብረት ቋሚና በመረብ የተከለለ ረጅም መተላለፊያ (ሌይን) ነው። ሥሩ ኮንክሪት ወይም የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው፣ ላዩ የአርቴፊሻል ሳር ምንጣፍ። አንዱ ጫፍ ላይ ባተሩ፣ ማለትም በባት (በእንጨት ዱላ) የሚመታው፣ ይቆማል፣ ከሌላው ጫፍ ቦውለሩ ሮጦ ይወረውራል። በመካከላቸው ያለው የመጫወቻ ርዝመት 22 ያርድ፣ ማለትም 20.12 ሜትር ነው። የአዋቂ ወንዶች ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል። በቆዳ የተለበጠ ጠጣር ነገር ስለሆነ ሰው ላይ ሲያርፍ ቀልድ አይደለም።

ምንጣፉ ሁልጊዜ የሚያልቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ባተሩ እግሩን የሚያሽበት፣ ሌላው ኳሱ የሚነጥርበት። መጀመሪያ ሳሩ ይሳሳል፣ ጥቁሩ ጀርባው ይታያል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ኳስ የቅዳጁን ጠርዝ ካገኘች ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅም። ወገብ ላይ የተጠበቀችው ፊት ላይ ትመጣለች። መረቡ ደግሞ ከታች በኩል ነው የሚያልቀው። የሳር ማጨጃው ይይዘዋል፣ ቀበሮ ይቦጭቀዋል። በዚያ ቀዳዳ ሾልካ የወጣች ኳስ የምትሄደው ተራውን ወደሚጠብቅ ልጅ ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ኔት ላለው ክለብ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ወይም የሩጫ ትራክ የምታድሱም ብትሆኑ አብዛኛው ያገለግላችኋል። ከሁሉም በፊት ግን ይህን ያዙልኝ። ገንዘብ መጠየቅ ከሥራው ሁሉ ኋላ የሚመጣ ነው። በፊት የሚሠራው የወረቀት ሥራ ካላለቀ፣ ሰጪው ቢፈልግም ሊሰጣችሁ አይችልም።

ደረጃ 1፦ መሬቱ የማን ነው?

ኮሚቴ ሲሰበሰብ ወሬው ወዲያው ስለ ቶምቦላና ስለ እራት ግብዣ ይሆናል። ቆይ በሉ። መጀመሪያ የሊዝ ውሉን አውጡ።

ብዙ የሰፈር ክለብ የሚጫወተው በካውንስል ፓርክ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በአንድ ትረስት መሬት ላይ ነው። ውሉ ስንት ዓመት ቀረው? አዲስ ግንባታ ይፈቅዳል? ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ ድጋፍ፣ የሚሰጥ ድርጅት ከሚያነሳቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከምትለቁት መሬት ላይ ማንም ብረት አይተክልላችሁም፣ ደግሞም እውነቱን ነው። ውሉ ሊያልቅ ከሆነ የዚህ ዓመት ሥራችሁ ገንዘብ መሰብሰብ ሳይሆን ውሉን ማደስ ነው።

ከባለመሬቱ ፈቃዱን በጽሑፍ ውሰዱ። “ችግር የለም፣ ቀጥሉ” የሚል የስልክ ቃል አይበቃም። ኔት ከፍ ያለ አጥር ስለሆነ የፕላኒንግ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። በነበረበት ቦታ ብታድሱትም ለካውንስሉ ፕላኒንግ ክፍል በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ጎረቤቶችንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። ተቃውሞ ከመጣ በኋላ ከመለማመጥ ይልቅ ቀድሞ አንድ ቡና መጋበዝ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ምን እንደምትፈልጉ ቁረጡ

“ኔታችን አርጅቷል” ማለት ፕሮጀክት አይደለም። ሜትር፣ ካሜራና ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ምንጣፉ ብቻ ነው ያለቀው ወይስ ሥሩ ሰምጧል? ቋሚዎቹ ዝገዋል? ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚተኛው የት ላይ ነው?

ይህን መለየት ዋጋውን ሰማይና ምድር ያደርገዋል። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ምንጣፍና መረብ መቀየር በቂ ነው። ሥሩ ከተሰነጠቀ ግን አዲስ ምንጣፍ ማንጠፍ ገንዘብ መቅበር ነው። ምንጣፉ የታችኛውን ጉብታ ተከትሎ ይነሳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ትለምናላችሁ።

በእንግሊዝና ዌልስ ክሪኬትን የሚመራው ቦርድ፣ ኢሲቢ፣ ለአርቴፊሻል ፒች (የመጫወቻ ወለል) የራሱ መመዘኛና ያጸደቃቸው ሲስተሞች አሉት። ከዚያ ውጭ ርካሽ ሳር ከገዛችሁ የክሪኬት ገንዘብ ሰጪዎች በር ይዘጋባችኋል። በየካውንቲው ያለው የክሪኬት ቦርድም ምክር ይሰጣል። ከምንም በፊት እነሱን ደውላችሁ አግኟቸው፤ የትኛው የገንዘብ መስኮት በዚህ ዓመት ክፍት እንደሆነም ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ደረጃ 3፦ ሦስት ፕሮፎርማ

ከሦስት ኮንትራክተር ፕሮፎርማ አስመጡ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ዋጋ ይስጡ፣ አለበለዚያ ማወዳደር አይቻልም። አንዱ አሮጌውን ብረት ማንሳት ጨምሮ ይጽፋል፣ ሌላው ይተወዋል፤ ርካሽ የመሰላችሁ እሱ ነው።

አሁን ዓይናችሁን ወደ ወረቀቱ ግርጌ ውሰዱ። እዚያ በትናንሽ ፊደል “ቫት አይጨምርም” የሚል ይኖራል። ቫት 20 በመቶ ነው። 40,000 ፓውንድ ያላችሁት ሥራ በእርግጥ 48,000 ፓውንድ ነው። የሰፈር ክለብ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቫት ማስመለስ አይችልም። በዚህች መስመር የተነሳ ገንዘብ ሰብስቦ ጨርሻለሁ ያለ ኮሚቴ 8,000 ፓውንድ ጎድሎት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

በላዩ ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። መሬት ሲቆፈር ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። በምሳሌያችን 48,000 ላይ 4,800 ሲደመር 52,800 ፓውንድ ይሆናል። ለሰው የምትናገሩት ቁጥር ይህ ነው፣ 40 ሺህ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ክለቡ በወረቀትም ክለብ ይሁን

ዕድር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ክፍል ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ በክለቡ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ሁለት ፈራሚ። ሁለቱ ፈራሚዎች ባልና ሚስት አይሁኑ፣ የአንድ ቤት ሰዎችም አይሁኑ። ገንዘብ በግለሰብ ሒሳብ ለአንድ ቀንም እንዳያድር። ሰውየው ምንም ታማኝ ቢሆን፣ ወሬ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሕፃናት ደህንነት ፖሊሲና ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው ከሌላችሁ ደግሞ ማመልከቻውን አትጀምሩት።

ከቻላችሁ ክለቡን በኤችኤምአርሲ፣ ማለትም በታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ “ካስክ” ተብሎ የሚታወቀው የማኅበረሰብ አማተር ስፖርት ክለብ አድርጋችሁ አስመዝግቡ። ከ2002 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ሁለት ትልቅ ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ክለቡ በሚይዘው ሕንፃ ላይ ከሚከፈለው የንግድ ግብር 80 በመቶ ይቀነስለታል። ሁለተኛ፣ ጊፍት ኤይድ ይፈቀድለታል። ታክስ የሚከፍል ሰው 100 ፓውንድ ሲለግስ ክለቡ ከመንግሥት ተጨማሪ 25 ፓውንድ ይጠይቃል። ሰውየው ከኪሱ ምንም አይጨምርም፣ አንዲት ፎርም ብቻ ይፈርማል። ታክሲ የሚነዳውም፣ ሱቅ ያለውም፣ በዓመቱ በቂ ታክስ እስከከፈለ ድረስ ይችላል።

ጊፍት ኤይድ ለልገሳ ብቻ ነው። የካስክ አባልነት ክፍያ፣ የቶምቦላ ትኬት፣ የተሸጠ ምግብ አይገቡበትም። እነዚህን ደባልቆ ያመለከተ ሒሳብ ያዥ በኋላ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ጋር ይተዛዘባል። ባልዲ ላይ ለሚወድቀው ጥሬ ገንዘብና በካርድ ለሚነካካው ትንሽ ልገሳ ሌላ አሠራር አለ። እያንዳንዱ ልገሳ ከ30 ፓውንድ ካልበለጠ፣ ያለ ሰጪው ፊርማ በዓመት እስከ 8,000 ፓውንድ በሚደርስ ልገሳ ላይ 25 በመቶውን መጠየቅ ይቻላል። በዚያው ዓመት ግን በተለመደው ጊፍት ኤይድም መጠየቅ አለባችሁ።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን ከአንድ ቦታ አትጠብቁ

52,800 ፓውንድ የሚሰጥ አንድ ሰው አታገኙም። ብታገኙም ሌላው ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ቁጥሩን በታትኑት፦ ከክለቡ ቁጠባ 9,000፣ ከዝግጅቶችና ከቶምቦላ 6,000፣ ከስፖንሰር 4,000፣ በኢንተርኔት ከሚሰበሰብ መዋጮ 8,000፣ ከጊፍት ኤይድ 800፣ ከግራንት 15,000፣ ከብድር 10,000። ይህ ምሳሌ ነው። የእናንተ ክለብ ቁጠባ ባዶ ከሆነ የዝግጅቱ ክፍል ይወፍራል፣ ጊዜውም ይረዝማል።

ከክለቡ ኪስ የሚወጣው ክፍል ግን ዜሮ መሆን የለበትም። “እናንተስ ስንት አዋጣችሁ?” የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ አይቀርም።

ብድር ሲባል አትደንግጡ። ኢንግላንድ ክሪኬት ትረስት ለክለቦች ያለ ወለድ የሚያበድርበት ፕሮግራም አለው። ከባንክ ብድር ጋር አይወዳደርም። ዕዳ ዕዳ ስለሆነ ግን በየዓመቱ የሚመለሰው ከየት እንደሚመጣ፣ ምንም ዝግጅት ባይኖር እንኳ፣ አስቀድማችሁ አስሉት።

ደረጃ 6፦ የግራንት ማመልከቻ

በእንግሊዝ ለሰፈር ክለብ ቅርብ የሆኑት በሮች ጥቂት ናቸው። ስፖርት ኢንግላንድ “ሙቭመንት ፈንድ” በሚለው ፕሮግራሙ ከ300 እስከ 15,000 ፓውንድ ይሰጣል። የናሽናል ሎተሪ ገንዘብ የሚያከፋፍለው ኮሚዩኒቲ ፈንድ ደግሞ “አዋርድስ ፎር ኦል” አለው፤ እሱ ከ300 እስከ 20,000 ፓውንድ ነው። የካውንቲ ክሪኬት ቦርዶች በኢሲቢ ገንዘብ የሚያስተላልፉት የካውንቲ ግራንት አለ። ካውንስሉም ከቤት ገንቢዎች የሚሰበስበው የልማት ክፍያ አለው። አካባቢያችሁ አዲስ አፓርታማ እየተገነባ ከሆነ የወረዳችሁን ካውንስለር ስለዚህ ገንዘብ ጠይቁት። ብዙ ክለብ ይህን አያውቅም። እነዚህ መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደንባቸውም ይቀያየራል። ከማመልከታችሁ በፊት የዕለቱን ደንብ አንብቡ።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፋል፦ “ክለባችን የረጅም ጊዜ ታሪክ ያለው ሲሆን ኔቱ ስላረጀ ድጋፋችሁን እንጠይቃለን።” ሰጪው ለኔት ግድ የለውም። ለሰው ነው ግዱ። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ “ማክሰኞ ማታ 40 ልጆች ይመጣሉ። ደህና ሌይን አንድ ብቻ ስለሆነ ግማሾቹ ቆመው ይጠብቃሉ። የሴቶች ቡድን ለመጀመር 14 ልጆች ተመዝግበዋል፣ የሚለማመዱበት ሰዓት ግን የለንም። ሁለት ሌይን ሲሠራ ሐሙስ ማታ የእነሱ ይሆናል።” ቁጥሮቹ የእናንተ እውነተኛ ቁጥሮች ይሁኑ። ለዚህ ደግሞ ከአሁኑ መመዝገቢያ ያዙ። ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ማን ተስፋ ቆርጦ ቀረ።

እዚህ ላይ ሐበሾች የምናመጣው ነገር አለ። በጁን 2023 ኢሲቢ ራሱ ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርት አወጣ። በእንግሊዝ ክሪኬት ውስጥ ዘረኝነት፣ የመደብ ልዩነትና በሴቶች ላይ የሚደርስ አድልዎ ሥር የሰደደ ነው አለ። ቦርዱም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2020፣ ለእንግሊዝ የተጫወተችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኢቦኒ ሬይንፎርድ-ብሬንት፣ ጥቁር ልጆችን ወደ ክሪኬት የሚመልሰውን ኤስ (ACE) ፕሮግራም በሰሪ (Surrey) ካውንቲ ክሪኬት ክለብ ውስጥ አስጀምራለች። እንግዲህ ገንዘብ ሰጪው “እስከ ዛሬ ያልመጣው ማን ነው?” ብሎ ቢጠይቅ አይግረማችሁ። ክለባችሁ ከሐበሻ ማኅበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከመስጊዱ ወጣቶች ጋር ተነጋግሮ ልጆች ለማምጣት ካሰበ ይህን ጻፉት። ግን የምትሠሩትን ብቻ ጻፉ። ለፎርሙ ማሳመሪያ ብቻ ስማችንን የሚጠራ ክለብ አይቻለሁ፣ በዓመቱ አንድም ልጅ አላመጣም።

አንድ ጥብቅ ነገር። ውሳኔው በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ ሥራ እንዳትጀምሩ፣ ቀብድም እንዳትከፍሉ። አብዛኞቹ ሰጪዎች ለተጀመረ ወይም ለተከፈለ ሥራ አይሰጡም። ኮንትራክተሩ “በዚህ ሳምንት ካላዘዛችሁ ዋጋው ይጨምራል” ቢላችሁም።

ደረጃ 7፦ የራሳችሁን ድርሻ መሰብሰብ

*የምግብ ቀን።* ክሪኬት ለምግብ የተመቸ ጨዋታ ነው። ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ መሐል ላይ ለሻይ ይቆማል። ሰዉ ቁጭ ብሎ ምንም የሚሠራው የለም። እንጀራና ወጥ እዚያ ሰዓት ላይ ብታወጡ ተሰልፎ ይገዛል።

ምክሬ የጾም ምግብ ላይ አተኩሩ ነው። የክለቡ ግማሽ ተጫዋች ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ ሥጋ ካመጣችሁ ሐላል ነው አይደለም ይመጣል። ሐላል ካደረጋችሁት ደግሞ የእኛዎቹ እናቶች አይነኩትም። ሕንዶቹ ውስጥ ሥጋ የማይበሉ አሉ። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ፎሶልያ ሁሉንም ያስማማል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ከሜዳው ወቅት ጋር ስለሚገጥም ምግቡን ለመሥራትም ለመብላትም የሚመጣ የኛ ሰው አይጠፋም።

አለርጂ ላይ ግን አትቀልዱ። በዚህ አገር ሕግ በስም የተዘረዘሩ 14 አለርጂ ቀስቃሾች አሉ፣ ግሉተን፣ ወተት፣ ሰናፍጭና ሰሊጥ ከነሱ ውስጥ ናቸው። “እንጀራ ግሉተን የለውም” ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው ይኖራል። እንጀራ ጋጋሪዋን ጠይቁ።

“እትዬ፣ ንጹህ ጤፍ ነው?”

“ትንሽ ዱቄት ጣል አድርጌበታለሁ የኔ ልጅ፣ ለብቻውማ እዚህ አገር ዓይን አያወጣም።”

ያ ትንሽ ዱቄት ስንዴ ወይም ገብስ ነው። ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን የማያስማማ ሕመም፣ ያለበትን ሰው ያሳምማል። እያንዳንዱ ድስት ፊት ካርድ አድርጉና ያለበትን ጻፉ። በሰናፍጭ የተለወሰ ነገር ካለም እንዲሁ። ምግብ ሽያጩን አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ልታደርጉት ካሰባችሁ ካውንስሉ ጋ መመዝገብ ሊያስፈልግ ስለሚችል ጠይቁ።

ቡናውን አትርሱ። ግን ደጅ ቁሉት። ዕጣንና የቡና ጭስ የክለብ ቤት የእሳት አላርም እንደሚያስጮህ፣ ሁለት ቡድን ከነባቱ ደጅ እንደሚያሰልፍ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠጅ ለመሸጥ ካሰባችሁና ክለቡ የመጠጥ ፈቃድ ከሌለው፣ ለአንድ ዝግጅት የሚሆን ጊዜያዊ ማስታወቂያ ለካውንስሉ ይገባል። ዋጋው 21 ፓውንድ ነው፣ ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፣ ሰውም ከ500 በታች መሆን አለበት።

*ቶምቦላ።* በዝግጅቱ ቦታና ሰዓት ብቻ ትኬት ከሸጣችሁ ምዝገባ አያስፈልግም። ከገቢው ለሽልማት ከ500 ፓውንድ፣ ለወጪ ከ100 ፓውንድ በላይ መቀነስ ግን አይቻልም። ትኬቱን ሳምንታት ቀድማችሁ ለሰፈሩ ሰው ልትሸጡ ከሆነ ክለቡ እንደ አነስተኛ ማኅበር ሎተሪ ካውንስል ጋ ይመዘገባል። መመዝገቢያው 40 ፓውንድ፣ ዓመታዊ ማደሻው 20 ፓውንድ ነው። ከገቢው ቢያንስ 20 በመቶ ለዓላማው መዋል አለበት፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅም ትኬት አይሸጥም። ልጆቹን ሻጭ አድርጎ ማሰማራትን እርሱት።

እንግሊዞቹ “100 ክለብ” የሚሉት አለ። አባላት በየወሩ ትንሽ ይከፍላሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ ግማሹ ለባለዕድሉ ግማሹ ለክለቡ ይሆናል። 60 ሰው በወር 5 ፓውንድ ቢከፍል በዓመት 3,600 ነው። 1,800ው ለኔቱ ይቀራል። ዕቁብ ለለመደ ሰው ለማስረዳት አይከብድም፣ ልዩነቱ እዚህ ገንዘቡ ለሁሉም ተራ አይደርሰውም። ትኬቱ ለአባላት ብቻና በክለቡ ቅጥር ውስጥ ከተሸጠ ነገሩ ቀላል ነው። ከዚያ ካለፈ የሎተሪው ምዝገባ ይመጣል።

*በኢንተርኔት መዋጮ።* እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። የሐበሻ ኪስ ደክሟል። ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለተፈናቀለ፣ በየሳምንቱ በቴሌግራም የጎፈንድሚ ሊንክ ይመጣል። በዚያ መሐል “ለክሪኬት ኔት” ብሎ መግባት ያሳፍራል፣ ማሳፈሩም ተገቢ ነው። ስለዚህ ከማኅበረሰባችን ትልቅ ገንዘብ አትጠብቁ። አምስት አምስት ፓውንድ ጠይቁ፣ ምን እንደሚገዛ ንገሩ። “10 ፓውንድ አንድ ካሬ ሜትር መረብ” ዓይነት ነገር፣ ከፕሮፎርማው ተሰልቶ። ትልቁን መጠን ከልጆቹ ወላጆች፣ ከድሮ ተጫዋቾችና ከሰፈሩ ነዋሪ ፈልጉት።

ገጹን ከመክፈታችሁ በፊት በመጀመሪያው ቀን የሚሰጡ 20 ሰዎች አዘጋጁ። ዜሮ ላይ የቆመ ገጽ ማንም አይጀምረውም። አንዳንዱ መድረክ የታለመው ካልሞላ ለሁሉም ይመልሳል፣ ሌላው የተገኘውን ያስረክባል። የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ምረጡ። የልጆች ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑራችሁ።

*ስፖንሰር።* ባለ ጋራዡን፣ ባለ ምግብ ቤቱን፣ የሒሳብ ባለሙያውን በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ፣ ሊጥ እየተቦካ ባለበት አትግቡ። የሚያገኘው ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ። ኔቱ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ስፋቱ ስንት ነው፣ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ማን ያሠራዋል።

*የልጆቹ ባቲንግ ቀን።* ልጆቹ ተራ በተራ ቀኑን ሙሉ ይመታሉ፣ ዘመድ በየኳሱ ሳንቲም ይከፍላል። አያት አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ ትቆጥራለች። ገንዘቡ ብዙ አይሆንም፣ ግን ከሁሉም ዝግጅት ሰዉ የሚወደው ይሄ ነው።

ደረጃ 8፦ ሥራው ሲጀመር

የጨዋታው ወቅት ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ነው። ገንዘቡን በእነዚህ ወራት ሰብስቡ፣ ሥራውን ከሴፕቴምበር በኋላ ወይም ከኤፕሪል በፊት አሠሩ። በጁን ኔት የሚያፈርስ ክለብ የልጆቹን ዓመት ያፈርሳል።

ክፍያውን ከፋፍሉ፦ ቀብድ፣ ሥሩ ሲያልቅ፣ ሥራው ሲያልቅ። መጨረሻ ላይ ጥቂት በመቶ ያዙ። ጉድለት ካለ ተስተካክሎ ሲረካከብ ይለቀቃል። ይህ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት፣ በኋላ ቢነሳ ፀብ ነው። አሮጌውን መረብ ማውረድና አረም መንቀል በአባላት ጉልበት ይሠራ፣ ሰዓቱንም መዝግቡ። አንዳንድ ሰጪ የበጎ ፈቃድ ሰዓትን እንደ ክለቡ ድርሻ ይቆጥረዋል። የሥሩን ሥራ ግን አትንኩት። ዋስትናው ያለው እሱ ላይ ነው።

ኮንትራክተሩ ምንጣፉን ከማንጠፉ በፊት የሥሩን ፎቶ አንሱ። አንዴ ከተሸፈነ በኋላ ምን እንደገባ የሚያይ የለም።

ደረጃ 9፦ ሪፖርቱና የሚቀጥለው ምንጣፍ

ደረሰኞችን በቀናቸው ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል አኑሩ፣ ዲጂታል ቅጂም ያዙ። ግራንት ሰጪው ሪፖርት የሚጠይቅበትን ቀን ሒሳብ ያዡም ጸሐፊዋም ስልካቸው ላይ ይያዙት። ሐሙስ ማታ የሴቶች ቡድን ይጀምራል ብላችሁ ከሆነ ስንት እንደመጡ ጻፉ። ካሰባችሁት ያነሰ ከሆነም ያነሰውን ጻፉ፣ ምክንያቱንም። ሁለተኛ ጊዜ ስታመለክቱ ያ ሪፖርት ይወጣል። አምስት ፓውንድ ለሰጡትም ፎቶና የሒሳብ ገጽ በቴሌግራሙ ላኩ። ከገንዘቡ የተረፈ ካለ የት እንደገባ ጭምር።

ምንጣፉ ከዓመታት በኋላ እንደገና ያልቃል። ባተሩ እግሩን በሚያሽበት ቦታ ይጀምራል፣ ያውም ከምታስቡት ቀድሞ። አሁኑኑ በክለቡ ባንክ ለብቻው ሒሳብ ክፈቱለት፣ ከየአባሉ ዓመታዊ ክፍያ ላይ ትንሽ እየቀነሳችሁ አስገቡ። 80 አባል 10 ፓውንድ ቢያዋጣ በዓመት 800 ፓውንድ ነው። ብድር ካለባችሁ መጀመሪያ እሱ ይከፈል፣ ግን የምንጣፉን መዋጮ አታቋርጡ። ይህን ውሳኔ በጠቅላላ ጉባኤ አጽድቁትና በቃለ ጉባኤ አስፍሩት፣ አዲስ ኮሚቴ ሲመጣ ለባሩ ማቀዝቀዣ እንዳያውለው።